ጥሪ ሲቆራረጥ፦ የኔትወርክ መዘግየትን ከራውተር ላይ የመቀነስ ዝርዝር መመሪያ

ፓኬጁን ከፍ አድርጋችሁ፣ ራውተር ቀይራችሁ፣ አሁንም ስብሰባ ላይ ድምፅ የሚቆራረጥባችሁ ከሆነ ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው። ብዙ ሰው ራውተሩ ላይ «ኪውኦኤስ» የሚለውን፣ ለአንዳንድ መረጃ ቅድሚያ የሚሰጠውን ቁልፍ ያበራል፣ ለውጥ ያጣል፣ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ያዙ። ጥሪ የሚቆራረጠው አብዛኛውን ጊዜ በሰልፍ ምክንያት ነው። አንድ ስልክ ፎቶ ወደ ክላውድ ሲጭን ፓኬቶቹ፣ ማለትም መረጃው ተቆራርጦ የሚላክባቸው ጥቅሎች፣ ሞደሙ ውስጥ ይደረደራሉ። የእናንተ ድምፅ ከኋላቸው ይቆማል። አፕሎዳችሁ በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት ነው እንበል። ሞደሙ 250 ኪሎ ባይት የሚያጠራቅም ከሆነ፣ ሰልፉ ሲሞላ መጨረሻ የቆመው ፓኬት 2 ሰከንድ ይጠብቃል። በ2 ሰከንድ ውስጥ «ሃሎ? ይሰማል?» ብላችሁ ጨርሳችኋል።

እኛ ቤት ለወራት እንዲህ ነበር። እሁድ ማታ እህቴ ከቨርጂኒያ ስትደውል እናቴ ስልኩን ይዛ በረንዳ ትወጣለች፣ ትመለሳለች፣ መስኮቱ ጋ ትቆማለች። ሲግናሉ ግን ሙሉ ነው። በመጨረሻ ፒንግ (ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ሚሊ ሰከንድ እንደመጣ የሚለካ ትእዛዝ) ከፍቼ ቁጥሩን ስከታተል ከ100 በታች የነበረው ድንገት ከ1,000 በላይ ወጣ። ሳሎን ጥግ የወንድሜ ስልክ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል። ቻርጅ ላይ ሲሆን የሳምንቱን ቪዲዮ መጫን ይጀምራል። ነቀልኩት፣ ቁጥሩ ወረደ። ያን ቀን ነው ፍጥነት መጨመር መፍትሔ እንዳልሆነ የገባኝ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መለካት፣ የሚጠፋውን ፓኬት ማቆም፣ ሰልፉን ወደ ራሳችሁ ራውተር ማምጣት፣ ከዚያ ቅድሚያ መስጠት። ሦስተኛውን ዘላችሁ አራተኛው ላይ ከገባችሁ ልፋታችሁ ውኃ በላው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- ላፕቶፕና የኔትወርክ ኬብል። ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ አትለኩ።
- የራውተሩ አስተዳዳሪ ፓስወርድ።
- መስመራችሁ ዩዘርኔምና ፓስወርድ የሚጠይቅ ከሆነ እሱንም በወረቀት ጻፉ።
- የአሁኑ ሴቲንግ ባክአፕ። ባክአፕ የማይሰጥ ራውተር ከሆነ እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱ።

ማስጠንቀቂያ፦ የመስመሩ ዩዘርኔምና ፓስወርድ እጃችሁ ላይ ሳይኖር የሪሴት ቁልፉን አትንኩ። አንዴ ከተጫናችሁት ኢንተርኔቱም አብሮ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ያለው የእርዳታ መስመር ላይ መጠበቅ ነው።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ የራውተሩን ፈርምዌር (ውስጡ ያለውን ሶፍትዌር) ልትቀይሩ ካሰባችሁ በዩፒኤስ አድርጉት። መብራት መሀል ላይ ከጠፋ ራውተሩ ላይነሳ ይችላል። የኢንተርኔት አቅራቢው የሰጣችሁን የፋይበር ሳጥን ደግሞ ጭራሽ አትንኩት። ከኋላው የራሳችሁን ራውተር አስቀምጡ።

ትእዛዞችን እዚህ በፊደላችን ነው የጻፍኳቸው። ማሽኑ ላይ በላቲን ፊደል ይገባሉ።

## ደረጃ 1፦ መለካት

1. ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙ። የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፉ።
2. ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕትን በሁለት መስኮት ክፈቱ። በአንደኛው ወደ ራውተራችሁ ፒንግ ላኩ። አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። በሁለተኛው ወደ 8.8.8.8 ላኩ፤ ይህ ከቤት ውጭ ያለ የጉግል ሰርቨር አድራሻ ነው። ሳያቋርጥ እንዲልክ ከአድራሻው ቀጥሎ ሰረዝና ቲ ጨምሩ።
3. ማንም ኢንተርኔት ሳይጠቀም 2 ደቂቃ ጠብቁ። የሁለቱንም ቁጥር ጻፉ።
4. አሁን ትልቅ ቪዲዮ ወደ ክላውድ ጫኑ። እየተጫነ ቁጥሩን ተከታተሉ፣ ጻፉ።
5. ጭነቱን አቁማችሁ ትልቅ ፋይል ዳውንሎድ አድርጉ። እንደገና ጻፉ።
6. የፍጥነት መለኪያ በመጠቀም ዳውንሎድና አፕሎዱን ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ላይ ለኩ። ከሦስቱ ዝቅተኛውን ያዙ። ደረጃ 3 ላይ የምትጠቀሙት እሱን ነው።

### ቁጥሩ ምን ይላል?

ለራውተሩ የሚላከው ፒንግ በኬብል ከ1 ወይም ከ2 ሚሊ ሰከንድ ማለፍ የለበትም። እሱ ራሱ እየዘለለ ከሆነ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው። አንዳንድ ርካሽ ራውተር ግን ሥራ ሲበዛበት ለራሱ ፒንግ ዘግይቶ ይመልሳል፤ አንድ ሁለት ዝላይ አያስደንግጣችሁ።

የራውተሩ ቁጥር ረጋ ብሎ የ8.8.8.8 ፋይል ስትጭኑ ብቻ ሽቅብ ከወጣ፣ የሰልፍ ችግር ነው። ደረጃ 2ን በፍጥነት አረጋግጣችሁ ወደ ደረጃ 3 ሂዱ።

ማንም ሳይጠቀም እንኳ «ሪኩዌስት ታይምድ አውት» የሚል መስመር እየደጋገመ ከመጣ ፓኬት እየጠፋ ነው። ደረጃ 2 ላይ ረጋ ብላችሁ ሥሩ።

ለማነጻጸሪያ፦ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጂ.114 በተባለው ምክረ ሐሳቡ፣ ድምፅ ወደ አንድ አቅጣጫ በ150 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ከደረሰ ንግግር አይረበሽም ይላል።

## ደረጃ 2፦ የሚጠፋውን ፓኬት ማቆም

የጠፋ ፓኬት ብዙ ጊዜ እንደገና ይላካል። ጥያቄው የት ሆኖ ነው የሚላከው የሚለው ነው። በዋይፋይ ላይ በመሣሪያችሁና በራውተሩ መካከል የጠፋ ፓኬት በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይተካል። ባሕር ማዶ ካለው ሰው ጋር እየተነጋገሩ ጠፍቶ ከዚያ ድረስ ተጠይቆ የሚመጣው ግን ዋጋው ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በቀጥታ መስመር ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ደርሶ መልሱ እንግዲህ መንገዱ ፍጹም ቀጥ ቢል እንኳ ከ110 ሚሊ ሰከንድ አያንስም፤ በእውኑ ዓለም ደግሞ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ተተኪው ፓኬት ሲደርስ ቃሉ አልፏል። ስለዚህ መጥፋቱን እዚሁ ቤታችን ነው ማስቆም ያለብን።

### ኬብሉ

ራውተሩ ላይ የፖርቱን ፍጥነት ተመልከቱ። 1,000 መሆን ሲገባው 100 ወይም 10 ካለ፣ ወይም ከፍ ዝቅ ካለ፣ ኬብሉን ቀይሩ። ለመጠገን አትድከሙ።

### ዋይፋዩ

ዋይፋይ የጠፋበትን ፓኬት ራሱ ደጋግሞ ይልካል። በዚህ ምክንያት የዋይፋይ ችግር እንደ ጠፋ ፓኬት ሳይሆን እንደ መዘግየት ነው የሚታየው፦ 3፣ 4፣ 3፣ 180፣ 5። እንዲህ ካያችሁ፦

1. ለጥሪ የምትጠቀሙበትን መሣሪያ ወደ 5 ጊጋ ኸርዝ አዙሩ።
2. ግድግዳው ከልክሏችሁ 2.4 ላይ መቆየት ካለባችሁ ቻናሉን ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 አንዱን አድርጉ። ስፋቱን 20 ሜጋ ኸርዝ ላይ አስቀምጡ። ጎረቤት 6 ላይ ከሆነ እናንተ 4 ላይ ብትሆኑ የምታመልጡት ይመስላል፤ እንዲያውም ይብሳል፣ ሁለታችሁም ትረባበሻላችሁ።
3. ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባና ከብረት ቁም ሳጥን ላይ አንሱት።

### የስልክ መስመር ኢንተርኔት

ኤዲኤስኤል ከሆናችሁ የሞደሙን የመስመር ገጽ ክፈቱ። የኤስኤንአር ማርጂን (ሲግናሉ ከጫጫታው የሚበልጥበት ትርፍ) ከ6 ዴሲቤል በታች ከሆነ ወይም የሲአርሲ ስህተት (ተበላሽቶ የደረሰ መረጃ ቁጥር) በየደቂቃው እየጨመረ ከሆነ መስመሩ ታሟል። መጀመሪያ የስልኩን ማጣሪያ ነቅላችሁ ሞደሙን በቀጥታ ዋናው ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። ከተሻሻለ ችግሩ የቤታችሁ ሽቦ ነው። ካልተሻሻለ ቁጥሮቹን ፎቶ አንስታችሁ ለአቅራቢው አመልክቱ። «ኢንተርኔት ይቆራረጣል» ከማለት «ማርጂኑ 4 ነው፣ ስህተቱ በሰዓት ይህን ያህል ጨመረ» ማለት ቴክኒሻኑን ቶሎ ያመጣዋል።

### የፓኬት መጠን

ይህን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። በዩዘርኔም የሚገባ መስመር ላይ ብዙ ጊዜ ትልቁ ፓኬት 1,500 ሳይሆን 1,492 ባይት ነው። ራውተሩ ይህን ካላወቀ ትልልቅ ፓኬቶች መንገድ ላይ ይወድቃሉ፣ እንደገና ይላካሉ፣ እንደገና ይወድቃሉ። ምልክቱ፦ አንዳንድ ገጽ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

መሞከሪያው፦ ወደ 8.8.8.8 ፒንግ ስትልኩ ሰረዝ ኤፍ፣ ከዚያ ሰረዝ ኤል፣ ከዚያ 1464 ጨምሩ። ካለፈ ጥሩ ነው፤ 1464 ላይ የፓኬቱ ራስጌ የሚይዘው 28 ሲደመር 1,492 ይሆናል። ፓኬቱ መከፈል አለበት የሚል መልስ ከመጣ ቁጥሩን በ10 በ10 ቀንሱ። ባለፈው ቁጥር ላይ 28 ደምራችሁ ራውተሩ ላይ ኤምቲዩ በሚለው ቦታ ጻፉ።

### ቪፒኤን

ቪፒኤን የምትጠቀሙ ከሆነ ሴቲንጉን ገብታችሁ ዩዲፒ ላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ ዩዲፒ የጠፋውን ሳይጠብቅ የሚልክ፣ ቲሲፒ ደግሞ የጠፋውን መልሶ የሚልክ የአላላክ ዘዴ ነው። ቲሲፒ ላይ ከሆነ የጠፋውን ፓኬት ቪፒኤኑም እንደገና ይልካል፣ ውስጡ ያለው ፕሮግራምም ይልካል። ሁለቱ ሲደራረቡ መስመሩ ታንቆ ይቆማል። ዩዲፒ የተዘጋበት ኔትወርክ ላይ ካልሆናችሁ ቲሲፒን አትምረጡ።

## ደረጃ 3፦ ሰልፉን ወደ ቤት ማምጣት

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ሰልፉ ሞደሙ ውስጥ ወይም አቅራቢው ጋ እስከተሠራ ድረስ ማንን እንደምታስቀድሙ መወሰን አትችሉም። ራውተራችሁ ሆን ብሎ ከመስመሩ ትንሽ ዝግ እንዲል ስታደርጉት ግን ሰልፉ እሱ ጋ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ተራ አስከባሪው እናንተ ናችሁ።

መጀመሪያ ይህን አረጋግጡ፦ ሁሉም መሣሪያ በዚያ ራውተር በኩል ማለፍ አለበት። የአቅራቢው ሳጥን የራሱ ዋይፋይ ካለው አጥፉት። አንድ ስልክ በዚያ በኩል ከገባ ሰልፉን ዘሎ ሁሉን ያበላሻል። «ሠራሁት፣ አልሠራም» ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ ጋ ችግሩ ይህ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከደረጃ 1 ዝቅተኛውን ቁጥር ወስዳችሁ 85 በመቶውን አስሉ። ዳውንሎዱ 8 ሜጋ ቢት ከሆነ 6.8 ይሆናል። አፕሎዱ 2 ከሆነ 1.7። አዎ፣ ከፍጥነታችሁ ትንሽ ትሰዋላችሁ። የምትገዙበት ነገር ግን ያዋጣል።

### ኦፕን ደብሊውአርቲ (ነፃ የራውተር ሶፍትዌር) ያለው ራውተር

1. ኤስኪውኤም የሚባለውን ሰልፍ አስተዳዳሪ ፕሮግራም ከሴቲንግ ገጹ ጋር ጫኑ።
2. ኢንተርኔት የሚገባበትን ኢንተርፌስ ምረጡ። የቤት ውስጡን አትምረጡ።
3. ፍጥነቱን በኪሎ ቢት ጻፉ፦ 6.8 ሜጋ ቢት 6800 ነው።
4. የሰልፍ ዓይነቱን ኬክ ወደሚባለው የሰልፍ ማስተካከያ ዘዴ አድርጉ። ከስክሪፕቶቹ ሌየር ኬክ የሚለውን ምረጡ፤ ቅድሚያ የሚያውቀው እሱ ነው።
5. የመስመር ዓይነት በሚለው ገጽ ለኤዲኤስኤል ኤቲኤምና 44፣ ለቪዲኤስኤል ኤተርኔትና 34፣ ለፋይበር ኤተርኔትና 44 አስገቡ፤ ቁጥሩ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ የሚጨመር ባይት ነው። ኤዲኤስኤል መረጃውን 48 ባይት የሚይዙ ባለ 53 ባይት ቁርጥራጮች አድርጎ ነው የሚልከው። ይህን ካልነገራችሁት ሒሳቡ ይሳሳታል።
6. ፋየርዎል ገጽ ላይ ፍሎው ኦፍሎዲንግ የሚለውን አጥፉ። እሱ ከበራ ፓኬቶች ሰልፉን ሳያዩ ያልፋሉ።

### ማይክሮቲክ የተባለው ራውተር፣ ሶፍትዌሩ ራውተርኦኤስ 7 የሆነ

1. ፋየርዎል ውስጥ ፋስትትራክ የሚለውን መስመር አጥፉና ራውተሩን አንዴ አስነሱት። የተከፈቱት ግንኙነቶች እስኪቋረጡ ድረስ ሰልፉን መዝለላቸውን ስለሚቀጥሉ ነው።
2. በኪው ታይፕስ ገጽ ኬክ የሆነ አዲስ ዓይነት ፍጠሩ።
3. ሲምፕል ኪው ጨምሩ። ታርጌቱ የቤታችሁ ኔትወርክ ይሁን። ማክስ ሊሚት ላይ የቀነሳችኋቸውን ሁለት ቁጥሮች ጻፉ። የሰልፍ ዓይነቱን ወደ ኬክ ቀይሩ።

### ተራ ራውተር

ኪውኦኤስ ገጹን ክፈቱና ጠቅላላ ፍጥነት የሚለውን ፈልጉ። ባዶ ከሆነ ወይም 100 ሜጋ ቢት የሚል ከሆነ ለምን እንዳልሠራላችሁ አሁን ገባችሁ። የቀነሳችሁትን ቁጥር ጻፉ። የፍጥነት መጻፊያ ቦታ ጭራሽ የሌለው ከሆነ ያ ኪውኦኤስ ለዚህ ሥራ አይሆናችሁም።

አሁን ደረጃ 1ን ድገሙ። ፋይል እየጫናችሁ ፒንጉ ከእረፍት ቁጥሩ ከ30 ሚሊ ሰከንድ በላይ ካልራቀ ሠርቷል። አሁንም ከዘለለ አፕሎዱን በ5 በመቶ ቀንሱና እንደገና ለኩ። ሲረጋ ቁሙ። ከዚያ ቀስ እያላችሁ ሽቅብ ሞክሩ፤ መዝለል ከጀመረበት አንድ ደረጃ ዝቅ በሉ።

## ደረጃ 4፦ ቅድሚያ መስጠት

ኬክ ያለው ሰው እዚህ ብዙ ሥራ የለበትም። ኬክ እያንዳንዱን ግንኙነት ለየብቻው ያሰልፋል። ትንሽ የሚልከው ቶሎ ያልፋል። የድምፅ ጥሪ በሰከንድ ከ100 ኪሎ ቢት በታች ስለሚወስድ ሳትነግሩት ይቀድማል። ጥሪው ረግቶ ካገኛችሁት እዚህ አቁሙ፣ አትነካኩት።

ቢሮ ውስጥ የጠረጴዛ አይፒ ስልክ ካለ ግን ይህን ጨምሩ፦

1. ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ዲኤስሲፒ የሚለውን (ፓኬት ላይ የሚለጠፍ የቅድሚያ ምልክት) ለድምፅ 46 አድርጉ። ሌየር ኬክ ይህን ምልክት አይቶ ወደ ፊት ያሳልፈዋል።
2. ማይክሮቲክ ላይ የፈጠራችሁትን ሰልፍ ወላጅ አድርጉ። በሥሩ ሁለት ልጅ ሰልፍ ፍጠሩ። የስልኩ ከላይ ይሁን፣ ፕራዮሪቲው 1። የሌላው ሁሉ ከታች፣ ፕራዮሪቲው 8። ትንሹ ቁጥር ነው የሚቀድመው። ኬኩን በልጆቹ ላይ አድርጉ።
3. ለስልኩ ሊሚት አት (የተረጋገጠ ዝቅተኛ ፍጥነት) ላይ 256 ኪሎ ቢት ስጡ። የልጆቹ ሊሚት አት ድምር ከወላጁ ማክስ ሊሚት እንዳይበልጥ።

ተራ ራውተር ላይ መሣሪያውን በስም መርጣችሁ ቅድሚያ ስጡ። ሞባይል ከሆነ መጀመሪያ የስልኩ ዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ የዘፈቀደ ማክ አድራሻን (ራውተሩ መሣሪያውን የሚለይበት፣ የሚቀያየር ቁጥር) ለቤታችሁ ዋይፋይ አጥፉ። አለዚያ አድራሻው ሲቀየር ቅድሚያው ይጠፋል።

አትሳሳቱ፦ ለሁሉም ቅድሚያ አትስጡ። ቴሌቪዥኑም፣ ጌሙም፣ የአለቃው ላፕቶፕም አንደኛ ከሆኑ አንደኛ የሚባል የለም። የሚቀድመው ድምፅ ብቻ ይሁን።

ዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ ደብሊውኤምኤም የሚል ካያችሁ እንደበራ ተዉት። አየር ላይ ድምፅን የሚያስቀድመው እሱ ነው። ካጠፋችሁት ዋይፋዩም ወደ ድሮው 54 ሜጋ ቢት ይወርዳል።

## ሲበላሽ

ኢንተርኔቱ ሞተ፣ ገጽ አይከፈትም። አሃዱን ተመልከቱ። በኪሎ ቢት በሚጠይቅ ቦታ 6.8 ብላችሁ ከጻፋችሁ 6.8 ኪሎ ቢት ሰጣችሁት። 6800 አድርጉት።

ዳውንሎድ በጣም ዘገየ፣ ፋይል ስትጭኑ ግን ፒንጉ አሁንም ይዘላል። ሁለቱን ቁጥሮች አገላብጣችኋል። ማይክሮቲክ ላይ አፕሎድ ነው የሚቀድመው።

ከጻፍኩት ፍጥነት ግማሹ ብቻ ነው የሚመጣው። ፋይል እያወረዳችሁ የራውተሩን ሲፒዩ ተመልከቱ። 100 በመቶ አጠገብ ከሆነ አቅሙ አልቻለም። ከኬክ ወደ ኤፍኪው ኮድል፣ ወደ ሌላ የሰልፍ ዓይነት፣ ቀይሩ፤ ቀለል ይለዋል። ካልበቃ ጠንካራ ራውተር ያስፈልጋችኋል።

ቀን ጥሩ ነው፣ ማታ ይቆራረጣል። ማታ መስመሩ ከጻፋችሁት በታች እየወረደ ነው፣ ሰልፉም ከእጃችሁ ወጥቷል። ማታ ለክታችሁ በዚያ ቁጥር አስተካክሉ።

በሞባይል ዳታ ራውተር ነው የምጠቀመው። ፍጥነቱ በየደቂቃው ስለሚለዋወጥ አንድ ቁጥር አይይዘውም። በጣም በቀነሰበት ሰዓት የለካችሁትን ጻፉ። ኦፕን ደብሊውአርቲ ያላችሁ ኬክ ኦቶሬት የተባለውን ስክሪፕት ሞክሩ፤ መዘግየቱን እያየ ቁጥሩን ራሱ ያስተካክላል።

ፒንጉ ረጋ፣ ጥሪው ግን አሁንም ይንተባተባል። ዊንዶውስ ላይ ኔትስታት ብላችሁ ሰረዝና ኤስ ጨምሩ። የቲሲፒ ክፍል ውስጥ የተላኩና እንደገና የተላኩ የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ጻፏቸውና ከ10 ደቂቃ በኋላ እንደገና እዩ። ከጨመረው ውስጥ እንደገና የተላከው ከ1 በመቶ በላይ ከሆነ ፓኬት አሁንም እየጠፋ ነው። ደረጃ 2ን በዚያው መሣሪያ ላይ ድገሙ። ዝቅተኛ ከሆነ ችግሩ በደዋዩ ወገን ሊሆን ስለሚችል ሌላ ቦታ ካለ ሰው ጋር ደውላችሁ አነጻጽሩ።

መብራት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ ተበላሸ። ኤዲኤስኤል ሞደም ሲነሳ ከመስመሩ ጋር እንደ አዲስ ይደራደራል፣ አንዳንዴ ካለፈው ባነሰ ፍጥነት ይስማማል። የመስመር ገጹን ክፈቱና ከጻፋችሁት ጋር አነጻጽሩ። ያነሰ ከሆነ ሞደሙን አጥፍታችሁ 5 ደቂቃ ቆይታችሁ አብሩት። አሁንም ካልተመለሰ በአዲሱ ቁጥር 85 በመቶውን አስሉና ደረጃ 3ን ድገሙ።